በአንድ ቤት ዋይፋይ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ሳይገናኙ ሲቀሩ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆነው፣ ሁለቱም ኢንተርኔት እየከፈቱ፣ አንዱ የሌላውን ፋይል ማየት ሳይችል ሲቀር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የኢንተርኔት መስመሩን ነው። ጥርጣሬው ግን ቦታውን የሳተ ነው። ኮምፒውተሩ ድረ ገጽ መክፈቱ የሚያረጋግጠው ከራውተሩና ከራውተሩ ወዲያ ካለው ዓለም ጋር መነጋገር መቻሉን ብቻ ነው፤ ከጎኑ ካለው ኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር ሌላ መንገድ፣ ሌላ ፈቃድና ሌላ አገልግሎት ያስፈልገዋል። እንዲያውም ኢንተርኔቱ ጨርሶ በተቋረጠበት ሰዓት፣ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ፣ የቤቱ ኮምፒውተሮች ፋይል ሊለዋወጡና በአንድ ፕሪንተር ሊያትሙ ይችላሉ።

ይህን ግንኙነት ማስተካከል ሊደከምለት የሚገባ ሥራ ነው። በቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍ 20 ጊጋባይት ፋይል ከኢንተርኔት ጥቅል ላይ አንዳች አይቀንስም፤ ፍላሽ ከአንዱ እየነቀሉ ሌላው ላይ በመሰካት የሚዛመተው ቫይረስም መንገዱ ይጠባል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ምሽት ላይ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ይለዋውጣሉ፤ ግንኙነቱ ቢሠራ እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አያውቁም፤ ባይሠራ ደግሞ ቀድሞ ደህና የነበረውንም አበላሽተው ይገኛሉ። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እንሄዳለን፤ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። መመሪያው በዋናነት ለዊንዶውስ 10 እና 11 የተጻፈ ሲሆን፣ የትእዛዞቹና የምናሌዎቹ ስም እዚህ በድምፃቸው በአማርኛ ፊደል ቢሰፍርም ኮምፒውተሩ ላይ የሚነበቡትና የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

አንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥ

የዋይፋዩ ስም አንድ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ‘አር’ ቁልፍ ጋር አብረው ይጫኑ፤ በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ‘ሲኤምዲ’ ብለው ይጻፉና ኢንተርን ይጫኑ። ጥቁሩ መስኮት ሲመጣ ‘አይፒኮንፊግ’ የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ከሚዘረዘረው መካከል የሚያስፈልጉን በዋይፋዩ ርዕስ ሥር ያሉት ሦስት መስመሮች ናቸው፦ አይፒቪ4 አድራሻው (ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ሰብኔት ማስኩ (የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ቁጥር) እና ዲፎልት ጌትዌዩ (የራውተሩ አድራሻ)። እነዚህን ከሁለቱም ኮምፒውተሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ ይፈለጋሉና።

ለምሳሌ ዴስክቶፑ 192.168.1.10፣ ላፕቶፑ 192.168.1.23 ቢሆኑ፣ የሁለቱም ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌያቸውም 192.168.1.1 ከሆነ፣ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። በዚህ ማስክ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ዓይነት፣ የመጨረሻው ደግሞ የተለያየ መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ ከታች ወዳለው የፒንግ ምርመራ ይለፉ፤ ፒንግ ሌላው መሣሪያ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው።

አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ኢንተርኔትም አይኖርም። ዋይፋዩን ‘ፎርጌት’ አድርገው በይለፍ ቃሉ እንደገና ይግቡ፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ፣ የኮምፒውተሩ አይፒ አሰጣጥ ‘አውቶማቲክ’ ላይ መሆኑንም ይመልከቱ። ቀድሞ በሌላ ቤት ወይም በቢሮ የተጠቀሙበት ላፕቶፕ በእጅ የተሞላ አድራሻ ይዞ መገኘቱም የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ የሁለቱ ኮምፒውተሮች አድራሻ በሦስተኛው ቁጥር ሲለያይ ነው፤ ማለትም አንዱ 192.168.1.10፣ ሌላው 192.168.0.105 ሆኖ ሲገኝ። ምክንያቱ አንዱ ለእንግዳ በተከፈተው ዋይፋይ መግባቱ ወይም በስልክ ሆትስፖት ላይ መሆኑ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወደ ዋናው ዋይፋይ ይመለስ። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሁለተኛ ራውተር ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በብዙ ቤቶች ያለው አቀማመጥ ይህን ይመስላል። የቴሌኮም ድርጅቱ የገጠመው ሞደም ሳሎን ይቀመጣል፤ ሲግናሉ ጓዳውንና የግቢውን ሰርቪስ ክፍሎች ስለማያዳርስ ባለቤቱ ከገበያ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ በኬብል ከሞደሙ ጋር ያያይዘዋል። ኬብሉ የሚሰካው አብዛኛውን ጊዜ በተለየ ቀለም በተሠራውና ‘ዋን’ ወይም ‘ኢንተርኔት’ ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ነው። በዚህ አኳኋን የተገጠመ ራውተር የራሱን የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ከበስተኋላው ላሉት ኮምፒውተሮች በር ሆኖ ይቆማል፤ ከውጭ የሚመጣባቸውንም ያግዳል። ምልክቱ በግልጽ ይታወቃል፦ በሁለተኛው ራውተር ላይ ያለው ላፕቶፕ ሳሎን ያለውን ዴስክቶፕ በአድራሻው ሊያገኘው ይችላል፤ ዴስክቶፑ ግን ላፕቶፑን ፈጽሞ አያገኘውም። ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሠራ ካዩ መጀመሪያ የሚቆጠሩት ራውተሮቹ ይሁኑ።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። በማስተካከያ ገጹ ላይ ‘አክሰስ ፖይንት ሞድ’ የሚል ምርጫ ካለው ያንን ይምረጡ፤ ሥራው በዚያው ያልቃል። ከሌለው ደግሞ በእጅ ይደረጋል። መጀመሪያ ከሞደሙ የመጣውን ኬብል ከራውተሩ ይንቀሉ። ከዚያ በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብተው የራሱን አድራሻ ከሞደሙ ጋር ወደሚቀራረብ ግን ወደተለየ ቁጥር ይለውጡ፤ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩን 192.168.1.2 ያድርጉት፣ ይህም ቁጥር ሞደሙ ለሌሎች ከሚያድላቸው አድራሻዎች ውጭ መሆኑን ያረጋግጡ። በአዲሱ አድራሻ እንደገና ገብተው ‘ዲኤችሲፒ’ የተባለውን አድራሻ የማደል አገልግሎት ያጥፉ። በመጨረሻም ኬብሉን ‘ዋን’ በተባለው ሳይሆን ‘ላን’ ተብለው ከተጻፉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ። ከዚህ በኋላ የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ አድራሻ የሚቀበሉት ከሞደሙ ብቻ ስለሚሆን አንድ ኔትወርክ ላይ ይገናኛሉ።

ፒንግ፦ ችግሩን ለሁለት የሚከፍለው ምርመራ

በጥቁሩ መስኮት ‘ፒንግ’ ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ የጌትዌዩን አድራሻ ይጻፉ። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ ከዚያው ኮምፒውተር ዋይፋይ ነው፤ ሌላውን ኮምፒውተር መነካካት አያስፈልግም። ራውተሩ ከመለሰ በዚያው መንገድ የሌላውን ኮምፒውተር አድራሻ ፒንግ ያድርጉ፣ ከሌላው በኩልም ይድገሙት።

ሊገኙ የሚችሉት መልሶች ሦስት ናቸው። መልስ ከሌላው ኮምፒውተር አድራሻ ከመጣ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ችግሩ ያለው በማጋራቱ ላይ ነው። ‘ሪክዌስት ታይምድ አውት’ እና ‘ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል’ የሚሉት ሁለቱ ግን ትርጉማቸው በጣም የተለያየ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ኮምፒውተር በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ላለ ሌላ ኮምፒውተር መልእክት ከመላኩ በፊት ‘ይህ አድራሻ የማን ነው?’ የሚል ጥያቄ ለሁሉም ያሰማል፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል፣ ማለትም ከሌላ መሣሪያ የሚመጣን ግንኙነት የሚያጣራው መከላከያ፣ ይህን ጥያቄ አይከለክልም። ስለዚህ ለጥያቄው እንኳ መልስ ሲጠፋ ‘አንሪቸብል’ ይላል፤ ትርጉሙም ያኛው ኮምፒውተር ጠፍቷል፣ አንቀላፍቷል፣ አድራሻው ተለውጧል ወይም ራውተሩ በመካከላቸው ግድግዳ አቁሟል ነው። ‘ታይምድ አውት’ ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በቦታው አለ፣ ሆኖም ፋየርዎሉ እንዳይመልስ ይዞታል። አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ወደ ፋየርዎሉ ይመራል፤ ይህን ልዩነት መለየት የሰዓታት ድካም ያስቀራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ‘አንሪቸብል’ የሚለው መልስ የሚመጣው ከራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ ሲሆን፣ ዊንዶውስ በመጨረሻ ባለው ድምር ላይ ይህንን እንደ ተቀበለው መልስ ስለሚቆጥረው የጠፋው ዜሮ በመቶ ነው ሊል ይችላል። ድምሩን ትተው እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች በርተው፣ አድራሻቸው ትክክል ሆኖ፣ አሁንም ‘አንሪቸብል’ የሚል ከሆነ አንዱን ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዘው አዲሱን አድራሻውን ይዩና እንደገና ፒንግ ያድርጉ። በኬብል ከሠራና በዋይፋይ ካልሠራ ራውተሩ የዋይፋይ ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ እየለያየ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ሲሆን በካፌና በሆቴል በጣም ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚያደናቅፈው የቤቱን ሰው ነው። ለማጥፋት የጌትዌዩን አድራሻ በብራውዘር ላይ ጽፈው ይግቡ፤ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ሥር ባለው ወረቀት ላይ ታትሟል። በዋየርለስ ክፍሉ ውስጥ ‘ኤፒ አይሶሌሽን’፣ ‘ክላየንት አይሶሌሽን’ ወይም ይህን የመሰለ ምርጫ ፈልገው ያጥፉ። ራውተሩ የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ለየብቻ ካለው ምርጫው በሁለቱም ላይ መታየት አለበት። በአገልግሎት ሰጪው የተገጠሙ አንዳንድ ሞደሞች ለተጠቃሚው በሰጡት መለያ ይህን ማስተካከያ ስለማያሳዩ፣ ያን ጊዜ የአገልግሎት ሰጪውን ባለሙያ መጠየቅ ወይም ከላይ በተገለጸው መንገድ የራስን ራውተር ማሰራጫ ማድረግ ይሻላል።

ፋየርዎልና የኔትወርክ ዓይነት

ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ‘ፐብሊክ’ ወይም ‘ፕራይቬት’ ከሚባሉት ዓይነቶች በአንዱ ይመድበዋል። ዊንዶውስ 11 በራሱ የሚመርጠው ‘ፐብሊክ’ን ነው፤ በዚህ ዓይነት ላይ ኮምፒውተሩ ከሌሎች ይደበቃል። ሴቲንግስ ውስጥ ‘ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት’፣ ቀጥሎ ‘ዋይፋይ’፣ ቀጥሎ የተገናኙበት ዋይፋይ ‘ፕሮፐርቲስ’ ድረስ ሄደው ‘ፕራይቬት’ን ይምረጡ። ይህ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ መደረግ አለበት፤ ለቤትዎ ዋይፋይ ብቻ እንጂ ለካፌና ለቢሮ ግን ፈጽሞ አያድርጉት።

ቀጥሎ ‘አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ’ የሚለውን ይክፈቱ። በዊንዶውስ 11 ከዚያው ከኔትወርኩ ክፍል ‘አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ’ ሥር፣ በዊንዶውስ 10 ከኮንትሮል ፓነል ‘ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር’ ውስጥ ይገኛል። በ‘ፕራይቬት’ ሥር ‘ኔትወርክ ዲስከቨሪ’ እና ‘ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ’ ይብሩ። ሁለተኛው ሲበራ ፋየርዎሉ ለፒንግ መልስ እንዲሰጥም ስለሚፈቅድ ምርመራውን አሁን ይድገሙት።

አሁንም ዝም ካለ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀራሉ። አንደኛው የራሱን ፋየርዎል ይዞ የሚመጣ አንቲቫይረስ ነው፤ በውስጡ የቤቱን ኔትወርክ ‘የታመነ’ ብሎ የሚመዘግብ ቦታ አለው። ሁለተኛው ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን ሲበራ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የኮምፒውተሩን ትራፊክ በሙሉ ወደ ራሳቸው መስመር ስለሚወስዱ በቤቱ ያለው ሌላው ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ያጥፉትና ይሞክሩ፣ ወይም የአካባቢ ኔትወርክን የሚፈቅደውን ምርጫ በውስጡ ይፈልጉ። ፋየርዎልን ጨርሶ አጥፍቶ መተው ግን መፍትሔ ብዬ አልቀበለውም። ለምርመራ ለአንድ ደቂቃ ማጥፋት ይቻላል፤ ግንኙነቱ ከሠራ ጥፋቱ የፋየርዎሉ ደንብ መሆኑ ታውቋልና ወዲያው አብርተው ደንቡን ያስተካክሉ።

በአድራሻ ይከፈታል፣ በስም ግን አይገኝም

የዊንዶውስና የ‘አር’ ቁልፎችን ተጭነው በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ መስመሮችና የሌላውን ኮምፒውተር አድራሻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ \\192.168.1.23። በዚህ መንገድ ከተከፈተ፣ ነገር ግን በፋይል ኤክስፕሎረር ‘ኔትወርክ’ ሥር ስሙ ካልታየ፣ የጎደለው ግንኙነት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ራሱን ማሳየት ያለበት ኮምፒውተር ላይ በ‘ሰርቪስስ’ ዝርዝር ውስጥ ‘ፋንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን’ የሚባለው አገልግሎት ‘አውቶማቲክ’ ሆኖ መነሳቱን ይመልከቱ።

የኮምፒውተሮቹን ስምም ይመርምሩ። ከአንድ የኮምፒውተር ቤት በአንድ ቅጂ የተጫኑ ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ስም ይዘው ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ለእያንዳንዱ ከ15 ፊደል ያልበለጠ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ የተጻፈ የተለየ ስም ይስጡ። ቅጂው ተገቢው ዝግጅት ሳይደረግለት የተባዛ ከሆነ ደግሞ ስም መለወጥ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ በወጡ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያዎች አንድ ዓይነት የውስጥ መለያ ቁጥር ያላቸው ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም እርስ በርስ አይቀባበሉም። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን እንደ አዲስ በአግባቡ መጫን ነው።

ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ከጠፋ፣ በተለይም መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከሆነ፣ ራውተሩ አድራሻዎቹን እንደገና አድሏቸው ሊሆን ይችላል። በራውተሩ የዲኤችሲፒ ክፍል ውስጥ ‘አድሬስ ሪዘርቬሽን’ በሚለው ቦታ ፋይል ለሚያጋራው ኮምፒውተርና ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ያስይዙ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፦ ‘ኤስኤምቢ1’ የተባለውን አሮጌ የፋይል ማጋሪያ አብራ የሚል። አይቀበሉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ‘ዋናክራይ’ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የተስፋፋው በዚሁ ማጋሪያ ክፍተት ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአዲስ ጭነት ላይ እንዳይመጣ አድርጎታል። በተመሳሳይ ምክንያት የፋይል ማጋሪያውን 445ኛ ፖርት (የግንኙነት በር) በራውተሩ ላይ ወደ ኢንተርኔት አይክፈቱ።

ስምና የይለፍ ቃል ጠይቆ ሲመልስዎ

የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደስ ሊልዎ ይገባል፤ የኔትወርኩ ሥራ በሙሉ ተሳክቷል ማለት ነውና። የሚፈለገው ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ያለ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንጂ የእርስዎ ኮምፒውተር ወይም የዋይፋዩ አይደለም። ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ የሚያስገቡት አጭር ‘ፒን’ እዚህ አይሠራም። የይለፍ ቃል የሌለው መለያም በኔትወርክ በኩል እንዳይገባ ዊንዶውስ አስቀድሞ ከልክሎታል። በዊንዶውስ 11 ፕሮ ‘24ኤች2’ እትም ላይ ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል እንደ እንግዳ መግባት ስለተዘጋ፣ ‘ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ’ን ማጥፋት እንደ ድሮው አይጠቅምም።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ፋይሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለማጋራት ብቻ የሚያገለግል፣ አስተዳዳሪ ያልሆነ መለያ ከጠንካራ የይለፍ ቃል ጋር ይክፈቱ። ከዚያ በሚጋራው ፎልደር ‘ፕሮፐርቲስ’ ውስጥ ‘ሼሪንግ’ በሚለውም ‘ሴኩሪቲ’ በሚለውም ገጽ ላይ ለዚህ መለያ ፈቃድ ይስጡ። ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው፤ ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ስለሚያሸንፍ በአንዱ ብቻ መፍቀድ ‘አክሰስ ዲናይድ’ ያስከትላል። የይለፍ ቃሉን በቅርቡ ለውጠው ከሆነ ተቀባዩ ኮምፒውተር አሮጌውን ይዞ እየሞከረ ይሆናል፤ በኮንትሮል ፓነል ‘ክሬደንሻል ማኔጀር’ ውስጥ የተቀመጠውን ይሰርዙት።

በማክ ላይ ‘ጄኔራል’፣ ቀጥሎ ‘ሼሪንግ’፣ ቀጥሎ ‘ፋይል ሼሪንግ’ን ካበሩ በኋላ በ‘ኦፕሽንስ’ ውስጥ ለዊንዶውስ የሚፈቀድለትን መለያ ለይተው ምልክት ማድረግ አለብዎት። በሊነክስ ላይ ‘ሳምባ’ የተባለው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም የራሱን የተለየ የይለፍ ቃል መዝገብ ስለሚይዝ ተጠቃሚውን እዚያም ማስመዝገብ ይጠይቃል።

ተገናኝቶ የሚቋረጥ ወይም የሚጎተት ሲሆን

በየግማሽ ሰዓቱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ እያንቀላፋ ነው፤ ፋይል የሚያጋራው ኮምፒውተር ከሶኬት ጋር ሲያያዝ ‘ስሊፕ’ እንዳይገባ በፓወር ማስተካከያው ላይ ያዝዙት።

ፍጥነቱ ሲያንስ ደግሞ የሚታሰበው አየሩ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ፋይል በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ ከላኪው ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ተቀባዩ። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱን፣ በተለይ ከቦታው የማይነሳውን ዴስክቶፕ፣ በኬብል ማያያዝ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአፓርትመንትና በተጠጋጉ ቤቶች የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚጋጭ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ያልተጨናነቀውን ይምረጡ፤ ራውተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ወፍራም የብሎኬት ግድግዳና ቆርቆሮ ግን 5ቱን ከ2.4 ይበልጥ ያዳክሙታል። የራውተሩ የኬብል ቀዳዳዎች 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆኑ በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት በላይ አይጠብቁ፤ በዚህ ፍጥነት 20 ጊጋባይት ለማስተላለፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ትልልቅ ፋይል ደጋግሞ ለሚያመላልስ ሰው ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት የሆኑ ራውተር መግዛት ገንዘቡን የሚያስቆጭ አይደለም።